ከጊልክሪስት ሱቅ የተገዛው መዘውር

አርባ አራት ዓመት ሙሉ የጊልክሪስትን ሱቅ ደጃፍ አልረገጥኩም። ሱቁ ከዳቦ ቤቱ ጎን ነው። ዳቦ ልገዛ ስሄድ እንኳ በማዶ በኩል መጥቼ፣ ልክ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ስደርስ መንገዱን አቋርጬ፣ ገዝቼ በመጣሁበት እመለሳለሁ። በረዶ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን፣ እጄ በዕቃ ቢሞላ ግድ አልነበረኝም። ባሌ በሕይወት ሳለ ያሾፍብኝ ነበር፤ ይቺ ከተማ ያላት አንድ መንገድ፣ አንቺ ደግሞ ግማሹን ዘግተሽዋል ይለኛል። ይበለኛ። እኔ በሌባ ደጃፍ ከማልፍ በወንዙ ውስጥ ብሄድ ይሻለኛል ባይ ነበርኩ።

ምን ሰረቀሽ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። አያቴን አታለለው። አያቴ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛትን የሳልሞን ዓሣ ማጥመጃ፣ የተገላቢጦሽ አድርጎ ሸጠለት።

አያቴ ዱጋልድ በአርኔግ ወንዝ ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ዓሣ አስጠማጅ ነበር። አጥማጅ አላልኩም፣ አስጠማጅ ነው ያልኩት። ከተራራው ሥር እስከ ከተማችን ድልድይ ድረስ ወንዙ የባለርስቱ ነው። በየሳምንቱ ከደቡብ ጌቶች ይመጣሉ፤ አያቴ ጀልባ ይቀዝፍላቸዋል፣ ሳልሞኑ የተኛበትን ድንጋይ ያሳያቸዋል፣ ከላባ የተሠራውን መንጠቆ መርጦ ያስርላቸዋል፣ የተያዘውን በመረብ ያወጣላቸዋል። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንኳን ደስ ያለዎት ጌታዬ ይላል። ፎቶ ሲነሡ ዳር ላይ መረብ ይዞ የሚቆመው እሱ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የራሱ የምትባል የማጥመጃ ዘንግ ኖራው አታውቅም።

ጡረታ ሲወጣ ርስቱ ምን ቢሰጠው ጥሩ ነው? በናስ የተለበጠ የአየር ሁኔታ መለኪያ። ዝናብን ከነገ ወዲያ ሳይመጣ ዛሬ በአፍንጫው የሚያሸት ሰው ነው እኮ። አሁንም ሳስበው ቆሽቴ ያርራል። ይኖርባት የነበረችውን ጎጆ ለተተኪው ለቆ፣ ከእናቴና ከእኔ ጋር ሊኖር ወደ ከተማ ሲወርድ መለኪያዋን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣት። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ሰቀለችለት። አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ ሲያያት አላየሁም።

እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በግንቦት አሥር ልሞላ ነው። ግራኝ ነበርኩ። ነበርኩ የምለው ሚስ ታሎክ ስላዳነችኝ ነው፤ ያኔ የገባኝ እንደዚያ ነበር።

ሚስ ታሎክ አስተማሪያችን ናት። በጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ወፍራም ቆዳ ታስቀምጣለች። እርሳስ በግራ እጄ ይዤ ካገኘችኝ ያንኑ እጄን አስዘርግታ ሁለት ጊዜ ታሳርፍብኛለች። ስትመታኝ አትቆጣም፤ ለኔው ብላ እንደሆነ እያስረዳችኝ ነው የምትመታኝ። አንዳንዴ ደግሞ ድምጿን አለሳልሳ፣ ዛሬ በፈለግሽው እጅ ጻፊ ትለኛለች። የመጀመሪያ ጊዜ አምኛት በግራዬ ጀመርኩ፤ ቆዳው ከመሳቢያው ወጣ። ሁለተኛ አልተሞኘሁም። "እጅሽ ተሳስቷል ኢሽቤል፤ የተሳሳተ ነገር ደግሞ ይስተካከላል" ትለኝ ነበር። አመንኳት። ልጅ የሚመታውን ሰው ያምናል። በዚያ ዓመት ግራ የተባለ ነገር ሁሉ ነውር ሆኖ ነበር የሚታየኝ።

ቤት ውስጥ ይህ አይወራም። እናቴ ያበጡ ጣቶቼን አይታ ከንፈሯን ትመጣለች፤ አስተማሪ የማይነካበት ዘመን ነው። አያቴ ግን አንድ ቀን ራት ላይ እጄን አንሥቶ በሰፊው መዳፉ ላይ አስቀመጠና ብዙ ጊዜ አየው። የአጃ ገንፎውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። እኔ እጄ ቆሽሾ የተጠየፈኝ መስሎኝ ሄጄ በሳሙና ታጠብኩ።

ግራ እጄ የሚፈታው ጓሮ ውስጥ ብቻ ነበር። አያቴ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ቆርጦ፣ ጫፉ ላይ ክር አስሮ ሰጥቶኛል። በሁለት እጄ ይዤ፣ ግራዬን ከላይ ቀኜን ከታች አድርጌ፣ ክሩን ወደ ኋላ ልኬ፣ እስኪወጠር ጠብቄ፣ የአሮጌ ባልዲ ክዳን ላይ እወረውራለሁ። ከአሥሩ ሰባቱን አገኘዋለሁ። አያቴ በር ላይ ተቀምጦ ፒፓውን እያጨሰ ያያል፤ እጅሽን ቀይሪ ብሎኝ አያውቅም። ዓይኑ ስለደከመ የትኛው እጄ ከላይ እንደሆነ የማይለይ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከልደቴ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ዘንግ ልገዛ ነውና ነይ አብረን እንሂድ አለኝ። የጊልክሪስት ሱቅ የቫርኒሽና የእርጥብ ሱፍ ሽታ አላት። ጊልክሪስት ያኔ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀይ ፊት፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሰው። ከፊት ለፊት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ተጣብቀው የተሠሩት ውድ ዘንጎች ቆመዋል፤ መሐል ላይ ያኔ አዲስ የነበሩት የፋይበር ዘንጎች፤ ከኋላ በርሜል ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው የተጠቀመባቸው። አያቴ ከፊት ያሉትን ዞር ብሎም አላያቸው፤ በቀጥታ ወደ በርሜሉ ሄደ። አፈርኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠብቆ ከበርሜል?

ገና አንዱን ዘንግ ከማንሣታችን ከደቡብ የመጣ አንድ ጌታ ገባ፤ ጊልክሪስትም እኛን ጥሎ ወደሱ ሮጠ። ሰውየው ከሁሉም ውዱን የቀርከሃ ዘንግ አንሥቶ በሱቁ መሐል እንደ ጅራፍ ያወናጭፋል፤ ጊልክሪስት እጁን እያፋተገ ይስቅለታል። ደሜ ፈላ። አያቴን ጎትቼ፣ እኛ እኮ ቀድመን ነው የመጣነው አልኩት። ተረጋጊ፣ ሳልሞን የዋጋ ወረቀት አያነብም አለኝ።

ከዚያ መምረጥ ጀመረ፤ አመራረጡ ደግሞ ግርም የሚል ነበር። ዘንጉን ራሱ አይወዘውዝም፤ ለኔ ያስይዘኛል። ያዢልኝ ይለኛል፣ ጫፉን ሄዶ በጣቱ ይስባል፣ ዘንጉ እንዴት እንደሚጎብጥ ያያል፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ተመልሶ ክርኔንና አንጓዬን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቅና ሌላ ያወጣል። ሰባት ዘንግ አስያዘኝ። ክንዴ ዛለ። እኔን እንደ ግድግዳ መደገፊያ እያደረገኝ ነው ብዬ ማጉረምረም ጀመርኩ። በመጨረሻ አንዲት አረንጓዴ የፋይበር ዘንግ ወጣች፤ አንዷ የክር ቀለበቷ በአዲስ ሐር የታሰረች፣ ቀላል፣ ከሌሎቹ በሦስት ጫማ የምታጥር። ይቺን ስይዝ አያቴ ጫፏን እንኳ አልሳበም። ቆሞ አየኝ፤ በቃ፣ ይቺ ናት አለ።

ጊልክሪስት ጌታውን ሸኝቶ ሲመለስ ሳቀ። "ዱጋልድ፣ ስድስት ጫማ ቁመት ይዘህ ይቺን? ይቺ ላንተ ጥርስ መፋቂያ ናት እኮ።"

"የቀረኝ ጥርስ ጥቂት ነው፤ ትበቃኛለች" አለው አያቴ።

ክሩ የሚጠመጠምበትን መዘውር ሲመርጥ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ቀለሙ የለቀቀውን፣ ጠርዙ የተፋቀውን ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ በጆሮው አጠገብ እያሽከረከረ ያዳምጠዋል። የኔ ልጅ፣ ዘንግ ቢያረጅ ግድ የለም አለኝ፤ መዘውር ግን ዓሣው ሲሮጥ ፍሬኑ የሚይዝ መሆን አለበት፤ ሌላው ጌጥ ነው። አንዱን አሮጌ መረጠ። ገንዘቡን የቆጠበው ክር ላይ እንዳይቆጥብ ነበር፤ ክሩን አዲስ ገዛ።

ከዚያ ሁለቱ ከመጋረጃው ኋላ ገቡ። እኔ የከተማችን የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ደንብ አነባለሁ። ማኅበሩ ከድልድዩ በታች አንድ ማይል ውሃ አለው። ልጅ ከአባቱ ወይም ከአያቱ ጋር በአንድ ትኬትና በአንድ ዘንግ ማጥመድ ይችላል ይላል። ሴት ልጅ ወንዙ ላይ አይቼ ስለማላውቅ ለወንዶቹ የተጻፈ ነው ብዬ አለፍኩት። በመጋረጃው በኩል የሚሰማኝ ቁርጥራጭ ነገር ነው። ጊልክሪስት፣ እርግጠኛ ነህ፣ እንዲህ አድርጌ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም ይላል። አያቴ አድርገው ይለዋል። ከተማው ያየ እንደሆነ ይስቃል ይላል ጊልክሪስት። ከተማው ይሳቅ ይላል አያቴ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ጠንከር ብሎ፣ "እስከ ቅዳሜ አፍህን ዝጋ" ሲለው ሰማሁ። በዋጋ የተጣሉ መሰለኝ። አያቴ ማንንም አፍህን ዝጋ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ረቡዕ ዕለት አያቴ ዕቃውን አምጥቶ በጓሮው የመሣሪያ ክፍል ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሮጬ ሄድኩ። አረንጓዴዋ ዘንግ አለች። መዘውሯም ታስሮባታል። የመዘውሩ እጀታ ግን በግራ በኩል ነው።

ዓይኔን አላመንኩም። በከተማችን ሰው ሁሉ መዘውር የሚያዞረው በቀኙ ነው፤ ጌቶቹም፣ ገበሬዎቹም፣ ቄሱም። አያቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት ለሰው ያዘጋጀው መዘውር በሙሉ እጀታው በቀኝ ነው። ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ። ለዚህ ነው የተጣሉት። ለዚህ ነው አፍህን ዝጋ ያለው። ያ ቀይ ፊት የተበላሸ ዕቃ ሸጦለታል፤ አያቴ ደግሞ ድሃና ኩሩ ስለሆነ መልሶ አይወስደውም።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሦስት ሰዎች መንጠቆ ይመርጣሉ። በዚያ ቀን ጠዋት ሚስ ታሎክ አግኝታኝ ነበርና እጄ ይነድዳል። ባንኮኒው ቁመቴን ስለሚበልጠኝ በእግሬ ጣት ቆሜ፣ ሚስተር ሳልል፣ "ጊልክሪስት፣ አንተ ሌባ ነህ" አልኩት። "አያቴን አታለልከው። የተገለበጠ ሸጥክለት።"

ፊቱ ከቀይ ወደ ሐምራዊ ተለወጠ። አፉን ከፈተ። ሦስቱን ሰዎች አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ባንኮኒው ጠርዝ ላይ የያዘችውን ግራ እጄን አየ፤ ጣቶቼ ላይ ቆዳው ያረፈበት መስመር ገና ቀይ ነበር። አፉን መልሶ ዘጋው። ሂጂ አያትሽን ጠይቂው አለኝ በቀስታ።

"አያቴ ኩሩ ነው፤ አይጠይቅህም" አልኩት።

"እንግዲያው ቅዳሜ ይድረስ" አለ። ከሦስቱ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው የያዘውን መንጠቆ ሣጥኑ ላይ መልሶ አስቀምጦ ወጣ። ያ ሰው ሳይከፍል መውጣቱ እንዴት እንዳስደሰተኝ አልረሳውም። ወሬው እስከ ማታ ከተማውን አዳረሰ። ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባላል፤ እኔ ሳላጣራ ከተማ ሙሉ ሰው አስወራሁ።

ዓርብ ዕለት አያቴ ቄሱ ዘንድ አጥር ሊጠግን ሲሄድ ሥራዬን ጀመርኩ። መዘውሩን ፈታሁ። ክሩን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ በልብስ ማስጫው እንጨቶች ዙሪያ አዞርኩት፤ ዘጠና ያርድ። ከዚያ መዘውሩን ገልብጬ እጀታውን በቀኝ አደረግኩና ክሩን መልሼ ጠመጠምኩ፤ በቀኝ እጄ፣ እንደተማርኩት፣ እየቀለለኝ ሳይሆን እየጠመመብኝ። በመዘውሩ ሆድ ውስጥ ፍሬኑን የምትይዝ የጥፍር ያህል የብረት ጥርስ አለች፤ በጎኗ ግራ እና ቀኝ የሚሉ ፊደላት ተቀርጸዋል፤ ጥርሷ ግራ ላይ ነበረች። ላዞራት ብዬ ብሎኗን ብታገል ብታገል አልፈታ አለችኝ፤ ጣቴ ያመኝ ነበር። ማን ያያታል ብዬ ተውኳት። ከደንኩት። በዚያ ቀን በራሴ የኮራሁትን ያህል ከዚያ በኋላ ኮርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ በጠዋት ወደ ወንዙ ወረድን። ውሃው ሻይ መስሎ ይወርዳል፤ ነፋሱ ከበላይ ነው። ሳልሞን በእሑድ ማጥመድ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ቅዳሜ ሰው ይበዛል፤ ከማዶ ሁለት ሦስት ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይወረውራሉ። አያቴ ዘንጓን ከጨርቅ ከረጢቷ አውጥቶ ገጣጠማት። መዘውሩን ከኪሱ አወጣ። ሊያስር ሲል እጁ ቆመ።

ማን ነው የነካው አለኝ።

እኔ ነኝ አልኩት፤ ጊልክሪስት ገልብጦ ሰጥቶህ ነበር፤ አስተካከልኩልህ።

መዘውሩን እንዳደረግኩት አድርጎ አሰረው፣ መንጠቆውን ቋጠረና ዘንጓን ወደ እኔ ዘረጋ። "እንኳን ተወለድሽ" አለኝ። "የመጀመሪያው ውርወራ ያንቺ ነው።"

ያንተ እኮ ነው አባባ አልኩት። ያዢ አለኝ። ሰዎቹ ከማዶ እያዩን ነው። ቀኝ እጄን ከላይ፣ ግራዬን ከታች አደረግኩ፤ ሚስ ታሎክ ብታየኝ የምትደሰትበትን አያያዝ። ወረወርኩ። ክሩ ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ራሴ ላይ ወርዶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ከማዶ ሳቅ መጣ። አያቴ ክሩን ከአንገቴ እየፈታ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "በዚያኛው እጅሽ ሞክሪያት፤ ጓሮ እንደምታደርጊው" አለኝ።

በፈለግሽው እጅ ጻፊ። ያው ለስላሳ ድምፅ ነበር። ዓይኑ ደክሟል ያልኩት ሰው ለካ ሁሉን ያያል፤ አሁን ደግሞ እየፈተነኝ ነው። ዘንጓን መለስኩለት። "አይ አባባ፣ ያ ስህተት ነው። እኔ ተስተካክያለሁ" አልኩት።

አያቴ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀው፣ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ምን ሆንክ ስለው፣ ነፋሱ ነው አለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወረውር ዘንጓን ፈትቶ ወደ ቤት ተመለስን። በመንገዱ ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ነበር። በጊልክሪስት የተናደደ መስሎኝ፣ ደግ አደረግህ፣ እኔም ሌባ ነህ ብዬዋለሁ አልኩት። ቆመና አየኝ። ሊናገር ነበር። ግን እጄን ያዘና መራመዱን ቀጠለ፤ የያዘው ግራ እጄን ነበር።

ሰኞ ዕለት የሚስ ታሎክ መሳቢያ ባዶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ እጄ ዞር ብላ አይታ አታውቅም። እኔማ በቃ ስለዳንኩ ነው አልኩ፤ መመታት የማያስፈልገኝ ሰው ሆኛለሁ። በቀኜ መጻፍ ቀጠልኩ፤ እስከ ዛሬም በቀኜ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌም ዶሮ የጫረው ይመስላል።

አያቴ የሞተው ዐሥራ አራት ዓመቴ ላይ ነው። ከቀብር መልስ ሳህን ስናጥብ እናቴ ነገረችኝ። ያን ሰኞ ጠዋት እኔ ሳልደርስ፣ አያቴ ትምህርት ቤቱ ሄዷል፤ እናቴ ልትመልሰው ከኋላ ሮጣለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ለጌቶች ባርኔጣውን ሲያወልቅ የኖረ ሰው፣ ሚስ ታሎክ ክፍል ባርኔጣውን ሳያወልቅ ገባ። ሁለቱንም እጆቹን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋና፣ "ከእንግዲህ የልጅቷ ድርሻ እዚህ ላይ ነው፤ አሁኑኑ ጀምሪ" አላት። ሴትዮዋ አልነካችውም። እንደነሱ ያሉት መዳፉ ሰፊ የሆነውን ሰው አይነኩም። ዛሬ ወንዙ ዳር፣ እኔ ልክ በወረወርኩበት ቦታ፣ ለተወዳጇ አስተማሪ መታሰቢያ የሚል አግዳሚ ወንበር በስሟ ቆሟል። አንድ ቀን አልተቀመጥኩበትም፣ አልቀመጥበትምም።

ይህን ካወቅኩ በኋላ እንኳ ጊልክሪስትን ይቅር አላልኩም። የሚስ ታሎክ ሌላ፣ የመዘውሩ ሌላ ነው ያልኩት። ሁለቱን አገናኝቼ አስቤ አላውቅም፤ እልኸኛ ሰው የሚያስበው በአንድ ዓይኑ ነው።

ባለፈው ግንቦት የልጄ ልጅ ማሬድ ዓሣ ማጥመድ ካልተማርኩ አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ሥራ ላይ ነበረች፤ ገንዘቤም እንደ ጡረተኛ ነው፤ ርካሽ ዘንግ ያለው ደግሞ ጊልክሪስት ጋ ብቻ። ሱቁ ሊዘጋ ስለነበር ዕቃው በቅናሽ ይሸጣል። ማሬድ በማዶ በኩል የምሄድበትን ምክንያት አልሰማ ብላ እጄን ጎትታ አስገባችኝ። ያው የቫርኒሽና የእርጥብ ሱፍ ሽታ ነው። የምትሸጠው የጊልክሪስት ልጅ ሚስት ናት። ሽማግሌው ከማሞቂያው አጠገብ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ፊቱ ነጥቷል፤ እርሳሱ ግን ከጆሮው ላይ አልወረደም። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። ማሬድን ነው ያየው።

"የኔ እመቤት፣ በየትኛው እጅሽ ነው የምትወረውሪው?" አላት።

ማሬድ ምንም ሳታስብ ግራ እጇን አነሣች። በዕድሜዬ ያንን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። "እንደ አያትሽ ነሻ" አላት፤ ከዚያ ለልጁ ሚስት፣ እጀታውን በግራ አድርጊላት ብሎ ነገራት። የዛሬው መዘውር በአንድ ቁልፍ ይዞራል፤ ድሮ ግን ክሩን ሙሉ መጠምጠምና ውስጡ ያለችውን ጥርስ ማዞር ነበረብን አላት፤ ጥርሷ ካልዞረች ዓሣው ሲሮጥ ፍሬን የለም።

ባንኮኒውን ያዝኩ። ዛሬ ክርኔ ላይ ነው የሚደርሰው።

"ለኔ ነበር?" አልኩት። "ያቺ መዘውር?"

"ለማን ኖሯል?" አለ። "አያትሽ መረጣት፣ እኔ ገለበጥኳት። ያችን ትንሽ ዘንግ ስድስት ጫማ ሰውዬ ምን ያደርጋታል? ደንቡ በአንድ ትኬት አንድ ዘንግ ነው፤ አያትሽ በቀኙ ቢያጠምድም፣ ካንቺ ጋር ስንካፈላት በግራ ማዞሩን እኔ ነኝ የምለምደው አለ። ለልደቷ ነው፣ እስከ ቅዳሜ አፍህን ዝጋ አለኝ።"

"ሌባ ስልዎ ለምን አልነገሩኝም?"

"ቃል ሰጥቼ ነበራ።"

"ከቅዳሜ በኋላስ?"

ቀና ብሎ አየኝ። ቂም አልነበረበትም፤ ቂም ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። "ከቅዳሜ በኋላማ ሱቄ አልመጣሽም" አለኝ።

ይቅርታ አልኩት። በአርባ አራት ዓመት ላይ ይቅርታ የምትል ቃል እንዴት ትንሽ እንደሆነች ያየሁት ያን ዕለት ነው። እሱ ግን እጁን አወናጨፈ፤ ያኔ ሳይከፍል የወጣው ሰውዬ በሳምንቱ ተመልሶ መጥቷል፣ እርሺው አለኝ። ማሬድ ዘንጓን ታቅፋ በር ላይ ትጠብቀኛለች። በዳቦ ቤቱ በኩል፣ በዚያው ጠርዝ፣ ወደ ቤት ተመለስን።

አረንጓዴዋ ዘንግ አያቴ ከሞተ ወዲህ ከሚስማሯ አልወረደችም። መዘውሩን ፈትቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አያቴ አራት ዓመት ሙሉ አጥምዶበታል፤ ግዙፍ ግዙፍ ሳልሞን አውጥቶበታል፣ እኔ መረብ ይዤ ቆሜ። ያኔ ጥርሷን ሳላዞራት ክዳኑን እንደዘጋሁ አስታወስኩ። ፍሬን በሌለው መዘውር እንዴት አንድም ዓሣ ሳያመልጠው ቀረ?

ከፈትኩት። ጥርሷ ቀኝ ላይ ነበረች። አያቴ የኔን ስህተት አልሻረውም፣ አልነገረኝምም፤ ከኋላዬ ገብቶ እንዳይጎዳ አድርጎ ጨርሶልኛል። ተስተካክያለሁ ብዬው የለ፤ እንደፈለግኩት አደረገልኝ። ለሚስ ታሎክ፣ ለርስቱ፣ ለሁሉም የያዝኩት ንዴት ዛሬም አልበረደልኝም፤ አሁን ግን ትንሽ ድርሻ ለራሴ አስቀርቻለሁ።

ክሩን አውጥቼ በልብስ ማስጫው እንጨቶች ዙሪያ አዞርኩት። ከዚያ ወደ ጥርሷ ተመለስኩ። በዘጠኝ ዓመቴ አልፈታ ያለችኝ ብሎን አያቴ ዘይት አጠጥቷት ኖሮ በአንድ ዙር ተፈታች። የፈታኋት በግራ እጄ ነበር።